አኮ በዳቱና የጨፌ ሎኒ መስክ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ጋሽ መኮንን አብሬያቸው ፍርድ ቤት እንድሄድ ለመኑኝ። የአጥር ክርክር ነው፤ ቀላል ነገር። የአሰላ ፍርድ ቤት ዛሬ የሚሠራው በኦሮምኛ ነው፤ ጋሽ መኮንን ደግሞ ዕድሜያቸውን ሁሉ እዚህ ከተማ ኖረው ከሰላምታ የዘለለ ኦሮምኛ አልያዙም። «አስተርጓሚ ይሰጡኛል፤ ግን የማላውቀው ሰው ቃሌን የት እንደሚያደርሰው በምን አውቃለሁ?» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ፍርሃት አዲስ አልሆነብኝም። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ተራ ስንጠብቅ፣ በዚሁ ከተማ፣ በሌላ ዘመንና በሌላ ቋንቋ፣ ልክ እንዲሁ ፈርተው አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ሴት ትዝ አሉኝ። ያን ጊዜ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

አባቴ ከስልጤ አገር ወጥቶ አሰላ የከተመ ነጋዴ ነው። ጨው፣ ስኳር፣ ላምባና አቡጀዲ ይሸጥ ነበር። እናቴ በሱቁ ጓሮ ቅቤ ትነግዳለች። ቤታችን ክረምት ከበጋ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ የትምህርት ቤት ልብሴ ሳይቀር ያው ነበር፤ የክፍሌ ልጆችም በዚህ ሲያሾፉብኝ አላሳረፉኝም። ከደንበኞቿ ሁሉ እናቴ ከመቀመጫዋ ተነስታ የምትቀበላቸው አኮ በዳቱን ብቻ ነበር። አኮ በአርሲ ኦሮምኛ አያት ማለት ነው። የእኔ አያት አልነበሩም፤ ግን ገበያው ሁሉ እንዲያ ነበር የሚጠራቸው።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ነበሩ። ፊታቸው በፀሐይና በነፋስ ጠቁሮ፣ ዓይናቸው ዳር ዳሩን መፍዘዝ ጀምሮ ነበር። ቅቤያቸውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ያመጣሉ፤ በዋጋ አይከራከሩም፤ መጀመሪያ ውኃ ይጠጣሉ፣ ከዚያ ስለ ዝናብ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ነው ንግድ። ቤታቸው ከአሰላ በስተደቡብ የግማሽ ቀን መንገድ፣ ጨፌ ሎኒ ከሚባለው ሰፊ መስክ ዳር ነው። የከብቶች መስክ ማለት ነው። ሁለት ልጆቻቸው ገመዳና ከድር፣ ሚስቶቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ሁሉ በአንድ ግቢ ይኖራሉ። ባላቸው ቀድመዋቸው ሞተዋል። የከብቱን ነገር የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ የትኛዋ ላም እንደምትሸጥ፣ የትኛው ወይፈን እንደሚኮላሽ፣ መንጋው መቼ ወደ ጨው ውኃ እንደሚወርድ፣ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ እሳቸውን ነበር የሚጠይቁት።

ልጅ ሆኜ እናቴ አንዳንዴ ይዛኝ ትሄድ ነበር። መስከረም ላይ ያን መስክ ያላየ ሰው ምን ብዬ እንደምነግረው አላውቅም። ሣሩ እርጥብ ነው፤ ሲረግጡት ከሥሩ ውኃ ይወጣል፤ ከብቱ በውስጡ ሲያልፍ ቀንዱና ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው። ማታ ሲገቡ የላሞቹ ትንፋሽ ከጉም ጋር ይቀላቀላል። ምራቶቻቸው ጩኮ ያቀርቡልናል፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ፤ ከእሱ ጋር በወይራ የታጠነ እቃ ውስጥ የረጋ እርጎ። እስከ ዛሬ አንድ ነገር ጣፈጠኝ ስል በልቤ የማወዳድረው ከዚያ ጋር ነው።

ከዚያ የስንዴው ዘመን መጣ። ስልሳ ሦስትና ስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት ላይ በአሰላ ዙሪያ ያለው ሜዳ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተፈላጊ ሆነ። ትራክተር በዋናው መንገድ ሲያልፍ ከክፍል ወጥተን እናይ ነበር። ደስ ይለን ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። እኛ የከተማ ልጆች ነን፤ ትራክተር ማለት ሥልጣኔ ነው ተብለን ተምረናል። ጨፌ ሎኒም በመዝገብ የአንድ አዲስ አበባ የሚኖሩ ፊታውራሪ መሬት ነበርና፣ እሳቸው ለአንድ ባለ ትራክተር አከራዩት። ለእነ አኮ በዳቱም መስኩን እንዲለቁ ተነገራቸው። እነሱ አንለቅም አሉ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ።

አኮ አንድ የገበያ ቀን ቅቤ ሳይዙ መጡ። ውኃውንም አልጠጡም። እናቴን «ልጅሽን ስጪኝ» አሏት።

እናቴ ደነገጠች። «ለምን አኮ?»

«ዳኛው የሚናገረው በአማርኛ ነው። እኔ አማርኛ የለኝም። እዚያ ያለው አስተርጓሚ የምለውን ያሳጥራል፤ ብዙ ተናግሬ እሱ ሁለት ቃል ይላል። ነፊሳ ሁለቱንም ታውቃለች። ቤቴ በልታለች። አትሸጠኝም።»

አባቴ ማታ ተቆጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። «እኛ እዚህ አገር የመጣነው ለንግድ ነው። ፊታውራሪው ሰው አላቸው። ነገ ሱቄን በአንድ ሰበብ ቢዘጉትስ?» አለ። እናቴ ራት እያቀረበች ነበር፤ ሳህኑን አስቀመጠችና «ልጆችህን ያሳደገው የማን ቅቤ ነው?» አለችው። በማግስቱ አባቴ ራሱ ነጠላዬን አቀበለኝ።

ከችሎቱ በፊት ማመልከቻ የሚጽፍላቸው ሰውዬ አኮን ደጁ ላይ አስቀምጦ መከራቸው። እኔ አስተረጎምኩ። ነገሩ ያለው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው አለ። ከክረምት በኋላ የፊታውራሪው ሰው በየዓመቱ ወደ ግቢው እየመጣ አንድ ሰንጋ ይወስድ ነበር። ያ ሰንጋ ግብር ነው ከተባለ እናንተ ጭሰኞች ናችሁ፤ መሬቱ የሳቸው ነው። «ስለዚህ ሲጠይቋችሁ ምንም ሰጥተን አናውቅም በሉ። ምስክር የላቸውም፤ ሰውዬው ሞቷል።»

አኮ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ «ቁርአን ያስይዙኛል?» አሉ።

«ያስይዙዎታል።»

«ሰንጋው ከደጄ ሲወጣ ጎረቤት አይቷል። ልጆቼ አይተዋል። ቁርአን ይዤ የገዛ ሰንጋዬን ልካድ?» ተነሱና ነጠላቸውን አስተካክለው ቀድመውን ገቡ።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው። የሰው ልብስና የእርጥብ ኮት ሽታ ነበረው። ዳኛው ፊታቸው የደከመ ጎልማሳ ነበሩ። የፊታውራሪው ጠበቃ ወጣት ነው፤ ጫማው ያበራል። ዳኛው አኮን «እርስዎ» ነበር የሚሏቸው፤ ጠበቃው «አንቺ» ይል ነበር። እኔ የሁለቱንም ወደ ኦሮምኛ ስመልሰው በአንቱታ መለስኩት። በዚያ ቀን ካስተረጎምኩት ሁሉ እንዳለ ያልመለስኩት ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ዛሬም ቢሆን እንዲያው እመልሰው ነበር።

«በዚህ መሬት ላይ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚኖሩት?» አሉ ዳኛው።

አኮ መናገር ጀመሩ። እኔም እየተከተልኩ፦ «በሙሽርነቴ በበቅሎ ነው የመጣሁት። ሣሩ የበቅሎዋን ሆድ ይነካ ነበር። ቤቱን ማየት አልቻልኩም፤ የውሻ ድምፅ ሰምቼ ነው ደረስን ያልኩት። የበኩር ልጄን የወለድኩት የከብት በሽታ በገባበት ዓመት ነው። የተረፈችውን አንዲት ጥጃ ከልጄ ጋር አንድ ቁርበት ላይ አስተኝቼ አሳደግኳት። ዛሬ ያሉት ላሞች ሁሉ የእሷ ዘር ናቸው። ልጁ ግን ሞተ፤ መስኩ ዳር ነው ያለው። ጣሊያን ሲመጣ ባሌ ሞተ። ወንድሙ ሊወርሰኝ ፈለገ፤ እምቢ አልኩ። ከብቱን ይዘሽ የት ትደርሻለሽ አለኝ። የትም አልሄድኩም። እዚያው ነው ያለሁት።»

«ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ይንገሩን በያቸው» አሉኝ ዳኛው፤ ድምፃቸው ግን ቁጣ አልነበረውም።

ጠየቅኳቸው። አኮ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሣሩ የበቅሎ ሆድ ሲነካ ነው በይው። ያን ያየ ሰው ከኔ በቀር የለም፤ ሁሉም ሞተዋል።»

ጠበቃው ተነሳ። «ለፊታውራሪ በየዓመቱ ሰንጋ ትገብሪ ነበር ወይስ አትገብሪም?»

ጥያቄውን በኦሮምኛ ነገርኳቸው። ገመዳና ከድር ከኋላ ቆመው ትንፋሻቸው ይሰማኛል። አኮ እጃቸውን ቁርአኑ ላይ እንዳደረጉ አንዲት ቃል ተናገሩ፦ «ኬንኒኔ።»

«ሰጥተናል ይላሉ» አልኩ።

ጠበቃው ፈገግ አለ። «ገብረናል ማለቷ ነው። ልጅቷ ቃሉን እያለዘበች ነው፣ ክቡር ዳኛ።»

ዳኛው ወደኔ ዞሩ። «ቃሉ ምን ማለት ነው፣ ልጄ?»

ይህን አውቀዋለሁ፤ ኦሮምኛን በገበያው ከአፍ መፍቻዬ እኩል ነው የለመድኩት። «ሰጠን ማለት ነው። ለመገበር ሌላ ቃል አላቸው። እሱን አላሉም።»

«ለምን ሰጣችሁ በያቸው።»

አኮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳኛውን ቀጥ ብለው አዩ። «ሰው ከሩቅ መጥቶ ደጃችን ቆመ። እንግዳ ባዶ እጁን አንሸኝም። በዓመቱ ተመልሶ መጣ፤ እንደገና ሰጠን። እንግዳ ነው ያልነው። ቤቱ የኔ ነው ሲል አልሰማሁም፤ ገና ዛሬ መስማቴ ነው።»

ይህን በአማርኛ ስጨርስ ዳኛው ቃሉን መዝገቡ ላይ ጻፉት። ለውሳኔም ቀጠሮ ሰጡ።

ውሳኔው የተነበበው ጥር ውስጥ ነው። አኮ ጉንፋን ይዟቸው አልመጡም። ገመዳ ነበር የመጣው። የውሳኔው አማርኛ ከበድ ያለ ነው፤ እሱ ከሰላምታና ከገበያ ያለፈ አያውቅም። ግቢው ውስጥ ያዘኝና «ምን አሉ?» አለኝ። ስነግረው ፊቱን አዞረ። በየዓመቱ የተሰጠው ሰንጋ፣ በምንም ስም ይጠራ፣ የባለመሬቱን ባለቤትነት መቀበል ነው ተብሏል። መስኩ የፊታውራሪው ነው። ለእነ አኮ ቤቱ፣ ግቢውና መቃብሮቹ ይቀሩላቸዋል። ከብቱ ከበልግ በፊት ይውጣ።

«ይህን እኔ ተሸክሜ እናቴ ፊት አልቆምም» አለ ገመዳ። «አንቺ ንገሪያት።»

እናቴ ሱቁን ዘግታ አብራኝ ወጣች። እስከ መንገዱ መጨረሻ በጋሪ፣ ከዚያ በእግር። በጋ ነው፤ መስኩ ቢጫ ሆኗል፤ ነፋሱ አቧራና የደረቀ ሣር ሽታ ያመጣል። ከሰዓት በኋላ ደረስን። አኮ ቁርበት ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከቁጥቋጦ እንደሚሰበሰብ እሾህ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ከዚያ «መቃብሮቹን አይነኩም?» አሉ።

«አይነኩም።»

«ደግ።»

ቀጥሎ የተናገረው ከድር ነው። ታናሽየው ነው፤ ረጋ ያለ ሰው ነበር፤ ያን ቀን ግን ሆድ ብሶት ነበር። «አልሰጠሁም ብትይ ኖሮ መስኩ የኛ ነበር» አላቸው። «በአንዲት ቃል።»

ገመዳ ከተቀመጠበት ተፈናጥሮ ተነሳ። ከግድግዳው ላይ ጠመንጃውን አወረደ። መጀመሪያ ወደ ደጅ ነበር የዞረው፤ «ትራክተሩን የሚነዳው ሰው ይምጣና አየዋለሁ» ይላል። ከድር መንገድ ዘጋበት። «ልታስጨርሰን ነው?» አለው። «እናትህን በሐሰት ልታስምል ፈልገህ ነበር፣ አንተ!» አለው ገመዳ፤ አፈሙዙም ወንድሙ ደረት ላይ አረፈ። ምራቶቹ ጮኹ። እናቴ እጄን ይዛ ወደ ግድግዳው ጎተተችኝ።

አኮ በዳቱ ተነሱ። እንዴት እንደተነሱ አላየሁም፤ ብቻ መካከላቸው ቆመው አገኘኋቸው። በእጃቸው ሲንቄያቸውን ይዘዋል። የአርሲ ሴት በሠርጓ ቀን ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን ዘንግ ነው፤ ባለትዳር ሴት እሱን ይዛ በጠበኞች መካከል ከቆመች ወንድ አያልፋትም። ዘንጉን በሁለቱ ደረት መካከል አጋድመው ያዙት። አልጮኹም።

«ገመዳ» አሉ፤ «ይቺን ተራምደህ ሂድ።»

ገመዳ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ጢሙ ሽበት የጀመረው ሰው ነው። ጠመንጃውን መሬት አስቀመጠና ቁጭ ብሎ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ከዚያ ወደ ከድር ዞሩ። «ሰንጋውን ሰጥቻለሁ። አልሰጠሁም ብዬ ብምል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ መስክ የምትጠጡትን ወተት እኔ አልጠጣውም ነበር። ይህን እወቅ።» ከድር እግራቸው ላይ ወደቀ። አነሱት።

እዚያው ቁጭ ብለው ወሰኑ። መንጋው ወደ ዝዋይ ቆላ ይወርዳል፤ የወንድሞቻቸው ልጆች እዚያ አሉ። ልጆቻቸው ከከብቱ ጋር ይሄዳሉ። እሳቸው አንዲት ላምና የከድርን ሚስት ይዘው ይቀራሉ። ማንም አልተከራከረም። ልንወጣ ስንል ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ ሌሊት ሌሊት ሲያብሰለስለኝ የነበረውን ጠየቅኳቸው። «አኮ፣ እኔ ሌላ ቃል ብል ኖሮ ይቀየር ነበር?»

«ያልኩትን ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አርፈሽ ተኚ» አሉኝና ራሴን ሳሙኝ።

የካቲት ላይ ከብቱ በአሰላ ዳር አለፈ። አባቴ ሱቁን ትቶ ወጥቶ ቆሞ አየ። ከዚያ ትራክተሮቹ ገቡ። በነሐሴ ከእናቴ ጋር ስንሄድ ስንዴው እስከ አጥራቸው ደርሶ ነበር። ላሚቱ ፊቷን ወደ ማሳው አድርጋ ቀኑን ሙሉ ትቆማለች፤ ለምን እንደማትገባ አልገባትም። አኮ ዓይናቸው በጣም ደክሞ ነበር። «ጠዋት ስወጣ አረንጓዴውን አይና ሣሩ የተመለሰ ይመስለኛል» አሉን፤ ሌላ ምንም አላሉም። እርጎው ግን እንደዚያው ነበር።

ሁለተኛው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ በስልሳ ስድስት ጥር፣ አኮ መነሳት ተሳናቸው። ከድር ከቆላ ወጥቶ ሱቃችን መጣ። «ከብቶቹን ማየት እፈልጋለሁ ትላለች» አለ። ገመዳም መንጋውን ነድቶ እርሻው አጠገብ አድርሶት ነበር። ወደ ቤታቸው የሚያደርሰው መንገድ ግን በእርሻው ውስጥ ብቻ ነበር። የእርሻው ኃላፊ ከሌላ አውራጃ የመጣ፣ ኦሮምኛ የማያውቅ ሰው ስለሆነ፣ የማነጋግረው እኔ ሆንኩ። ያን ጊዜ ትምህርቴን ልጨርስ ነበር። ኃላፊው ራሱ ላይ ፎጣ ጠምጥሞ የትራክተር ጎማ እየጠገነ ነበር።

«ስንት ከብት ነው?» አለ።

«መንጋው ሁሉ» አልኩት። «እናታቸው ሊሞቱ ነው።»

እጁን በጨርቅ ጠረገ። ማሳው ላይ የቀረው ቃርሚያና ገለባ ብቻ ነው። «ባለቤቱ አዲስ አበባ ነው» አለ። «እኔ ደግሞ ነገ ጠዋት ጎሚስታ ቤት ነኝ፤ አላይም።»

በማግስቱ ፀሐይ ሞቅ ሲል ከብቱ ደረሰ። መጀመሪያ አቧራው፣ ከዚያ የላሞቹ ድምፅ። አኮን ከነቁርበታቸው አውጥተን ደጃፉ ላይ አስቀመጥናቸው። አሮጌዎቹ ላሞች በሩን ሲያዩ ማንም ሳይነዳቸው ወደ ግቢው ዞሩ። ቆላ የተወለዱት ግን ቤቱን አያውቁትም፤ ገለባው ላይ ተበትነው ቀሩ። ገመዳና ከድር እነሱን አንድ በአንድ እየያዙ ወደ እናታቸው አመጧቸው። አኮ በእጃቸው አፍንጫቸውን፣ ግንባራቸውን እየዳሰሱ «ይቺ የማን ልጅ ናት?» ይላሉ። ገመዳ የእናቷን ስም ይነግራቸዋል። እሳቸው ደግሞ የእናቷን እናት ስም ይጨምሩበታል። እንዲህ እያሉ ቀኑ ሄደ። ስም ያጡላት አንዲት ጊደር ስትመጣ ፈገግ አሉና እሳቸው አወጡላት። ምን ብለው እንዳወጡላት ጠፍቶብኛል፤ ይህን ያህል ነገር አስታውሼ እሱን መርሳቴ ያሳዝነኛል።

ሳምንቱ ሳያልቅ አረፉ። ከባላቸውና ከበኩር ልጃቸው አጠገብ ቀበሯቸው። በወሩ አገሩ ሁሉ ተናወጠ፤ የፊታውራሪዎቹ ዘመንም አለፈ። «መሬት ለአራሹ» ሲባል ገመዳ መስኩ የሚመለስ መስሎት አንድ ሰሞን ሽር ጉድ ብሎ ነበር። ማሳው የመንግሥት እርሻ ሆነ። ሣሩ አልተመለሰም።

ባለፈው ሳምንት የጋሽ መኮንን ጉዳይ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ስንመለስ ከፍርድ ቤቱ በታች ካለው ዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ ገዙልኝ። አሰላ በስንዴዋ ነው የምትታወቀው፤ እኔም ከዚያ ወዲህ የምበላው ይኸው ዳቦ ነው፤ ልጆቼንም በእሱ ነው ያሳደግኩት። በመኪና ወደ ደቡብ ስወጣ የበሰለውን ማሳ አየዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ያምራል። ልጠላው ሞክሬ አልሆነልኝም። ብቻ የልጅ ልጆቼ በመኪናው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ይህ መሬት ድሮም ስንዴ ነበር?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ አይደለም እላቸዋለሁ። እናም መኪናው ቆሞ እንዲጠብቀን እጠይቅና፣ አኮ በዳቱ የሚባሉ ሴት እንደነበሩ እነግራቸዋለሁ።